መሬት ሳይቆፈር ከስር ያለው ፎልት በምን ይታወቃል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር ባለሙያዎች ‹በ15 ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ ወደ ደቡብ ባዘነበለ ፎልት ላይ፣ የላይኛው አለት ወደ ላይ ተንሸራቶ ነው› ይላሉ። እዚያ ድረስ የቆፈረ ሰው የለም። ታዲያ ይሄ የታየ ነገር ነው ወይስ ግምት? በጣም ጥቃቅን ስንጥቆችንም በሞገድ ማወቅ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። እሱስ እንዴት ይሆናል?»

እኛ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ መደምደሚያውን ተናግረን መንገዱን ሳናሳይ እናልፋለን። ስለዚህ ቢጠራጠሩ አይፈረድብዎትም። መንገዱን ላሳይዎት። (ፎልት የምንለው ሁለት የአለት ወገኖች እርስ በርስ የሚንሸራተቱበትን ስብራት ነው።)

ስለ ቁፋሮው ያሉት ልክ ነው። በዓለም ላይ ቁልቁል በጥልቀት የተቆፈረው ጉድጓድ ሩሲያ ውስጥ በቆላ ባሕረ ገብ መሬት ያለው ነው። በ1970 ተጀምሮ በ1989 12,262 ሜትር ደረሰ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እጅግ ብዙ መንቀጥቀጦች ከዚያ በታች ነው የሚነሱት። የምናውቀውን የምናውቀው ሞገዱ ይዞልን ከሚመጣው መረጃ ነው። መረጃው በሦስት በኩል ይመጣል። ሞገዱ ሲነሳ ፎልቱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ይዞ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ያለፈበት አለት ይቀይረዋል። ደግሞም ያው መንገድ ከዛሬ ነገ ሲለወጥ የሞገዱ ፍጥነት አብሮ ይለወጣል። አንዳንዱ መረጃ ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለክርክር ክፍት ነው። የትኛው የት እንደሆነ እግረ መንገዴን እነግርዎታለሁ።

ከመሠረቱ እንጀምር። አለት ተሰብሮ ሲንሸራተት በውስጡ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይነሳል። አንዱ ፒ ሞገድ ይባላል። አለቱን በሚሄድበት አቅጣጫ እየገፋና እየሳበ ያልፋል። ሌላው ኤስ ሞገድ ነው። አለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ይሄዳል። በላይኛው የመሬት ቅርፊት ፒ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ኤስ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ኤስ በፈሳሽ ውስጥ ጨርሶ አያልፍም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ሁለቱ እኩል ተነስተው እኩል ስለማይደርሱ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ርቀቱን ይነግረናል። በጥሬው ሲሰላ ልዩነቱን በሴኮንድ ወስዶ በ8 ማባዛት ነው። ፒ ከደረሰ ከ5 ሴኮንድ በኋላ ኤስ ከመጣ መነሻው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ከአንድ ጣቢያ፣ ማለትም ንዝረት መዝጋቢ መሣሪያ ከተተከለበት አንድ ቦታ፣ ነው። ከብዙ ጣቢያ ሲሰበሰብ የት፣ በምን ጥልቀትና በየትኛው ሰዓት እንደተነሳ ማስላት ይቻላል።

ከእነዚህ ውስጥ አስቸጋሪው ጥልቀት ነው። ጥልቀትን በደንብ ለማወቅ ከመነሻው ቅርብ የሆነ ጣቢያ ያስፈልጋል። መነሻው 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ የቅርቡ ጣቢያ 200 ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ ጥልቀቱ 5 ይሁን 20 ሞገዱ የሚደርስበት ሰዓት እምብዛም አይለይም። በመንቀጥቀጥ ዝርዝሮች ላይ ጥልቀቱ ልክ 10 ኪሎ ሜትር የተባለ ብዙ ጊዜ አይተው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ያ የተለካ ቁጥር አይደለም። መረጃው ጥልቀትን ለመወሰን ሳይበቃ ሲቀር ስሌቱ እንዲሄድ ተብሎ የሚያዝ ቁጥር ነው። ይህን ማወቅ ዜና ሲያነቡ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ፎልቱ። አንድ መንቀጥቀጥ ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ የፎልት ቅርጽ አይናገርም። ቅርጹን የሚያወጡት ተከታዮቹ መንቀጥቀጦች ናቸው። ከዋናው በኋላ ለሳምንታትና ለወራት የሚቀጥሉት በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ንቅናቄዎች አብዛኞቹ በተንሸራተተው ገጽ ላይና በአካባቢው ነው የሚነሱት። ሁሉንም በሦስት ገጽታ ሲያስቀምጧቸው የተበተነ ደመና መስለው ይጀምራሉ። ከጎን ሲታዩ ግን ያዘነበለ ሰሌዳ ይሆናሉ።

ለዚህ የ1994ቱን የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ጥር አጋማሽ ላይ ሎስ አንጀለስን የመታው ይህ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.7 ነበር። ፎልቱ በካርታ ላይ አልነበረም። መሬት ላይ ስንጥቁን የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም ነበር፣ ምክንያቱም ስብራቱ ወደ ላይ ሲወጣ ከምድር ገጽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቆሟል። እንዲህ ያለውን ድብቅ ፎልት እንለዋለን። መነሻው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነበር። ተከታዮቹ መንቀጥቀጦች ከዚያ ተነስተው ወደ ሰሜን እየወጡ ሲደረደሩ፣ ወደ ደቡብ ያዘነበለው ገጽ ቁልጭ ብሎ ታየ። ስለዚያ ፎልት ጥልቀት፣ ስፋትና ዝንባሌ የምናውቀውን ያወቅነው በአመዛኙ ከሞገድ ነው።

ደመናው የበለጠ የሚጠራበት ዘዴም አለ። ሁለት መንቀጥቀጦች ጎን ለጎን ተነስተው ሩቅ ያለ አንድ ጣቢያ ሲደርሱ የመጡበት መንገድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። በመንገዱ ላይ ስላለው አለት የማናውቀው ነገር ሁለቱንም እኩል ያሳስታል። ስለዚህ የሁለቱን ልዩነት ስንወስድ ስህተቱ ይጣፋል፣ የሚቀረው በመካከላቸው ያለው ርቀት ብቻ ነው። ፌሊክስ ዋልድሃውዘርና ዊልያም ኤልስዎርዝ ይህን ሐሳብ በ2000 በካሊፎርኒያው የሄይዋርድ ፎልት ላይ ሠርተው አሳዩ። በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ብትን የነበረው ነገር ወደ ጠባብ መስመር ተሰበሰበ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት በአስር ሜትሮች ደረጃ ሊነገር ቻለ። ስህተቱን ለመቀነስ የተሻለ መሣሪያ ሳይሆን የተሻለ ጥያቄ በቂ ነበር፤ ይህ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አሁን «የላይኛው አለት ወደ ላይ ተንሸራቶ» ወደሚለው እንምጣ። ይሄ ከየት መጣ?

የአንድን ሲስሞግራም፣ ማለትም መሣሪያው የመዘገበውን የንዝረት መስመር፣ መጀመሪያ ቀረብ ብለው ይዩት። መሣሪያው የመሬትን የላይና ታች እንቅስቃሴ ነው የሚመዘግበው እንበል። መስመሩ በትንሽ ንዝረት እየተንቀጠቀጠ ዝም ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ድንገት ይታጠፋል። ያቺ የመጀመሪያዋ መታጠፍ ወይ ወደ ላይ ናት ወይ ወደ ታች። ወደ ላይ ከሆነች ሞገዱ አለቱን ገፍቶ ነው የመጣው። ወደ ታች ከሆነች ስቦ ነው። ከዚህች ቅጽበት በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተደበላለቀ ነው። የመጀመሪያዋ ግን ንጹሕ ናት፤ ፎልቱ ሲነሳ የሠራውን ሥራ ሳትቀላቅል ይዛ ትደርሳለች።

ፎልት ሲንሸራተት በአንዳንድ አቅጣጫ ያለውን አለት ይገፋል፣ በሌላው ይስባል። በዙሪያው ያለውን ሁሉ ብንከፍለው አራት ክፍል ይወጣዋል፤ ሁለት የሚገፉ፣ ሁለት የሚሳቡ፣ እያፈራረቁ። ጣቢያዎችን በየአቅጣጫቸው አስቀምጠን ወደ ላይ ያሉትን በጥቁር፣ ወደ ታች ያሉትን በነጭ ምልክት ብናደርግ አራቱን ክፍል የሚለዩት ሁለት ገጾች ይወጣሉ። በዜናና በዘገባ ላይ የሚያዩዋት ጥቁርና ነጭ ክብ ሥዕል ይህችው ናት። መሐሏ ጥቁር ከሆነ አለቱ ተጨፍልቆ የላይኛው ክፍል ወደ ላይ ወጥቷል። መሐሏ ነጭ ከሆነ አለቱ ተለጥጦ የላይኛው ክፍል ወደ ታች ወርዷል። በአራት እኩል ከተከፈለች ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ነው የተንሸራተቱት።

እዚህ ላይ ግን ችግር አለ፣ መደበቅም የለበትም። ሥዕሏ ሁለት ገጽ ነው የምትሰጠው፣ ፎልቱ ግን አንድ ነው። ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ። ከሁለቱ አንዱ ፎልቱ ነው፣ ሌላው የሒሳቡ ጥላ ነው። የመጀመሪያዋ መታጠፍ ብቻዋን የትኛው እንደሆነ ልትነግረን አትችልም፤ መረጃ ቢበዛም አትችልም። የሚወስነው ሌላ ማስረጃ ነው። ተከታዮቹ መንቀጥቀጦች በየትኛው ገጽ ላይ ተሰለፉ? መሬት ላይ የወጣ ስብራት አለ? ስብራቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሮጦ ከሆነ፣ ወደፊት ያሉት ጣቢያዎች አጭርና ከባድ ሞገድ ያገኛሉ፣ ከኋላ ያሉት ረዘም ያለና ደካማ። መንቀጥቀጥ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ባለሙያ «ፎልቱ ወደ ደቡብ ያዘነብላል» ብሎ በእርግጠኝነት ከተናገረ፣ ምናልባት ቀድሞ የሚያውቀው ፎልት አለ፤ አለዚያ ቸኩሏል።

ጥቃቅን ነገሮችም ያሳስታሉ። የአንድ ጣቢያ ገመድ ተገልብጦ ከተገጠመ ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ ላይ ሲሉ እሱ ብቻውን ወደ ታች የሚል ጣቢያ ካለ፣ አለቱን ከመጠርጠር በፊት ጣቢያውን መጠርጠር ይሻላል።

ይህች የላይና ታች ጉዳይ ትንሽ ትመስላለች። ግን የምድርን ታሪክ አስተሳሰብ የቀየረ ክርክር የተፈታው በእሷ ነው። በውቅያኖስ ወለል ላይ ያለው ረጅም ተራራ በየቦታው ተቆርጦ ወደ ጎን የዞረ ይመስላል። ላይ ላዩን ላየው፣ ፎልቱ ተራራውን ቆርጦ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ የወሰደው ነው የሚመስለው። በ1965 ቱዞ ዊልሰን የተለየ ሐሳብ አመጣ። የባሕር ወለሉ ከተራራው ተነስቶ ወደ ሁለት ወገን እየተስፋፋ ከሆነ፣ በሁለቱ ቁራጮች መካከል ያለው ፎልት መንሸራተት ያለበት ተራራው ዞሯል ከሚባልበት በተቃራኒው ነው አለ። ይሄ ሊፈተን የሚችል ነገር ነው። ሊን ሳይክስ በ1967 ከእነዚህ ፎልቶች የተነሱ መንቀጥቀጦችን የመጀመሪያ መታጠፍ አንድ በአንድ አነበበ። መልሱ ተቃራኒው ሆነ፣ ልክ ዊልሰን እንዳለው። ማንም ሰው ባልረገጠው የውቅያኖስ ወለል ላይ ያለ ፎልት ወዴት እንደሚሄድ የታወቀው በዚህ ነው።

የመጀመሪያዋ መታጠፍ የምትናገረው ስለ አጀማመሩ ብቻ መሆኑም አይረሳ። በኅዳር 2002 መባቻ አላስካ ውስጥ መጠኑ 7.9 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ መታጠፎች ያሳዩት ወደ ላይ የሚገፋ ፎልት ነበር። የሞገዱ ሙሉ አካል ሲጠና ግን አብዛኛው እንቅስቃሴ የጎን ለጎን መንሸራተት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ስብራቱ የጀመረው ቀድሞ በማይታወቅ፣ ሱሲትና ግላሲየር በተባለ ፎልት ላይ ነው። ከዚያ ወደ ትልቁ የዴናሊ ፎልት ተሻገረ፣ በመጨረሻም ወደ ሦስተኛ ፎልት ታጠፈ። በጠቅላላው 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሰበረ። ሁለቱ የሞገድ ንባቦች አለመስማማታቸው ራሱ ታሪኩን ገለጠው።

ምን ያህል እንደተንሸራተተስ? ኬይቲ አኪ በ1966፣ የ1964ቱን የጃፓን ኒጋታ መንቀጥቀጥ ሲያጠና፣ ዛሬ ሞመንት የምንለውን መጠን አስተዋወቀ። ነገሩ የሦስት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ የአለቱ ግትርነት፣ የተንሸራተተው ገጽ ስፋትና የተንሸራተተበት ርቀት። ዝግ ብለው የሚወዛወዙት ረጃጅም ሞገዶች ብዜቱን ይሰጡናል። ስፋቱን ከተከታዮቹ መንቀጥቀጦች እናገኛለን። የአለቱ ግትርነት በሰፊው ይታወቃል። የቀረው መንሸራተቱ ነው። ለምሳሌ 15 በ20 ኪሎ ሜትር የሆነ ገጽ በአማካይ 1 ሜትር ቢንሸራተት መጠኑ 6.6 ገደማ ይሆናል። ስፋቱ ላይ የሚኖር ስህተት ቀጥታ ወደ መንሸራተቱ እንደሚዞር ልብ ይበሉ። ስለዚህ «1 ሜትር ተንሸራተተ» ሲባል የተረጋገጠው ብዜቱ ነው፤ ሜትሩ ትንሽ ላላ ያለ ነው።

እስካሁን ያየነው ፎልቱ ራሱ ሲናገር ነው። ዝም ያለውን ፎልት ግን ሌላ ቦታ የተነሳ ሞገድ በእሱ በኩል ሲያልፍ ነው የምናገኘው።

ትልቅ ፎልት አንድ ቀጭን መስመር አይደለም። ደጋግሞ በመንሸራተት በዙሪያው ያለውን አለት ያደቅቀዋል። የደቀቀው ክፍል ከጎኑ ካለው ጤነኛ አለት ይልቅ ሞገድን ያዘገያል። አንዳንድ ቦታ ፍጥነቱ በሲሶ፣ ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ሞገድ እዚያ ውስጥ ሲገባ ከሁለቱ ግድግዳዎች እየነጠረ እንደታሰረ ይጓዛል። በ1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከደረሰው፣ መጠኑ 7.3 ከነበረው የላንደርስ መንቀጥቀጥ በኋላ ባለሙያዎች መሣሪያዎችን ስብራቱን አቋርጠው ደረደሩ። ስብራቱ ላይ የተቀመጡት መሣሪያዎች ኤስ ካለፈ በኋላ ትልቅ፣ ዝግ ያለና ረጅም ንዝረት መዘገቡ። ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ያሉት ላይ ይህ ንዝረት ወዲያው ደከመ። ከዚህ ንዝረት ቅርጽ ተነስቶ የደቀቀው ክፍል 200 ሜትር ገደማ ስፋት እንዳለው ተሰላ። ከላይ ሲታይ ግን ስብራቱ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት ስንጥቅ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው።

ሌላው መንገድ ነጸብራቅ ነው፣ የነዳጅ ፍለጋ ሥራ በአብዛኛው የሚተማመንበት። ሞገዱን ሰው ራሱ ያስነሳዋል፤ በባሕር ላይ በታመቀ አየር፣ በየብስ ላይ በከባድ መኪና በሚነዘር ሰሌዳ። ሞገዱ ከአንድ የአለት ንጣፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ከፊሉ ይመለሳል። ንጣፎቹ በምስሉ ላይ ረጃጅም መስመር ሆነው ይወጣሉ። ብዙ ሰው ፎልት ራሱ እንደ መስመር የሚታይ ይመስለዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ፎልት ግን ሞገዱን ወደ ላይ ስለማይመልስ ራሱ አይታይም። የሚታየው የሠራው ሥራ ነው፤ አንድ ንጣፍ ሲሄድ ሲሄድ ይቋረጥና ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ከላይ እስከ ታች ያሉ መቋረጦችን የሚያገናኘው መስመር ፎልቱ ነው። በቀስታ ያዘነበሉ፣ ለምሳሌ አንዱ የምድር ሰሌዳ በሌላው ስር የሚገባባቸው ትላልቅ ፎልቶች፣ ራሳቸው ያንጸባርቃሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ወደ ጥቃቅኖቹ ስንጥቆች መጥተናል። መልሱን የሚገዛው ነገር የሞገድ ርዝመት ነው። በአለት ውስጥ በሴኮንድ 3,000 ሜትር የሚሄድና በሴኮንድ 30 ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ ርዝመቱ 100 ሜትር ነው። በጥቅሉ የዚህ ሩብ፣ ማለትም 25 ሜትር፣ ለይቶ ለማየት የሚቻለው ድንበር ነው። ንጣፉን 10 ሜትር ብቻ ያዘዋወረ ፎልት በእንዲህ ያለ ምስል ላይ ቢሸሸግ አይገርምም። ከሩቅ የሚመጣ የመንቀጥቀጥ ሞገድ ደግሞ ፈጣን ውዝዋዜውን በመንገዱ ላይ አጥቶ ነው የሚደርስ። ርዝመቱ በኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል። ታዲያ ርዝመቱ በኪሎ ሜትር የሆነ ሞገድ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ እንዴት ያያል?

አንዱን ለብቻው አያየውም፤ አንድ ላይ ሲተባበሩ የሠሩትን ነው የሚያየው። በመሬት ውስጥ ያለው ጫና ከሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ትልቁ ግፊት ወደ ሰሜንና ደቡብ ከሆነ፣ ወደዚያው የተዘረጉት ስንጥቆች ክፍት ሆነው ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ይዘጋሉ። እናም አለቱ እልፍ አእላፍ ትይዩ ስንጥቅ ያለበት ይሆናል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ሽፋኑን በመዳፍዎ ወደ ጎን ይግፉት። ገጾቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ በቀላሉ ይሸሻሉ። መጽሐፉን አቁመው የገጾቹን ጠርዝ ወደ ርዝመታቸው ቢገፉ ግን እሺ አይልም። ኤስ ሞገድም እንዲሁ ነው። በስንጥቆቹ አቅጣጫ የሚወዛወዘው ክፍሉ አለቱ ግትር ሆኖበት ፈጥኖ ያልፋል። ስንጥቆቹን አቋርጦ የሚወዛወዘው ክፍል አለቱ ይለሳለስበትና ይዘገያል። አንድ ሆኖ የገባው ኤስ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ቀድሞ የደረሰው የተወዛወዘበት አቅጣጫ የስንጥቆቹን አቅጣጫ ይነግረናል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ደግሞ የስንጥቆቹን ብዛትና ሞገዱ በእነሱ ውስጥ የተጓዘበትን ርቀት አንድ ላይ ይነግረናል። በመሬት ቅርፊት ውስጥ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሴኮንድ ቢሆን ነው። ስቱዋርት ክራምፒን የተባለ የብሪታኒያ ባለሙያ ይህን ክስተት ለዓመታት አጥንቶ የስንጥቆች ምልክት መሆኑን አጥብቆ ተሟገተ።

ይህን ነገር እወደዋለሁ፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤስን ለሁለት የሚከፍለው ስንጥቅ ብቻ አይደለም። ከቅርፊቱ በታች ባለው ማንትል ውስጥ ስንጥቅ አይደለም ጉዳዩ። እዚያ ያለው ዋናው ማዕድን ኦሊቪን ነው። አለቱ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በዝግታ ሲፈስና ሲለጠጥ ክሪስታሎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ሞገድም በዚያ አቅጣጫ ይፈጥናል። ሃሪ ሄስ በ1964 በፓሲፊክ ወለል ስር ሞገዶች በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ እንደሚፈጥኑ አሳየ፣ ከባሕር ወለሉ መስፋፋት ጋርም አያያዘው። ስለዚህ የአለት የቅርጽ ለውጥ፣ ካለፈ በኋላም ቢሆን፣ በክሪስታሎች አሰላለፍ ተጽፎ ይቀራል፤ ሞገድ ያነበዋል።

ስንጥቁን ከክሪስታሉ ለመለየት መንገዱን መምረጥ ይረዳል። ከዓለም ማዶ የተነሳ፣ በምድር ፈሳሽ እምብርት ውስጥ ያለፈ ሞገድ እንጠቀማለን። ኤስ በፈሳሽ አያልፍም ብዬ ነበር። ስለዚህ ሞገዱ እምብርቱን የሚያቋርጠው ፒ ሆኖ ነው፣ ሲወጣ ነው እንደገና ኤስ የሚሆነው። ከእምብርቱ በፊት የተጫነበት የመከፈል ታሪክ እዚያ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ የሚታየው መከፈል የእኛው ወገን ነው፣ ከእምብርቱ እስከ ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ የመጣ። በብዙ ቦታ ልዩነቱ 1 ሴኮንድ ገደማ ነው። ቀጭኑ ቅርፊት ብቻውን ይህን ያህል ሊሰጥ ስለማይችል አብዛኛው ከማንትል ነው።

ሦስተኛ አማራጭም አለ። በ2005 ስለ ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የታተመ ጥናት ከፍ ያለ መከፈል አገኘ፤ ፈጣኑ አቅጣጫም እሳተ ገሞራዎቹ ከተደረደሩበት መስመር ጋር የሚሄድ ሆነ። አጥኚዎቹ ነገሩን ቀጥ ብለው በቆሙ፣ ቅልጥ አለት በያዙ ቀጫጭን ክፍተቶች ነው የተረጎሙት። አሳማኝ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ ምክንያቱም የገጸ ምድሩ መረጃም ወደዚያው ያመለክታል። በመከፈሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በቂ አልልም ነበር።

ስንጥቁ ውስጥ ምን እንዳለስ? የፒንና የኤስን ፍጥነት ማነጻጸር ፍንጭ ይሰጣል። በተለመደ አለት ፒ ከኤስ 1.7 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ውኃ ወይም ቅልጥ አለት የሞላባቸው ስንጥቆች ኤስን ከፒ ይልቅ ስለሚጎዱት ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጋዝ ከሆነ ደግሞ ፒ ነው ይበልጥ የሚደክመው።

ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ለውጥን በጊዜ መከታተሉ ነው። የውቅያኖስ ማዕበል መሬትን ያለ እረፍት ያነዝራል። ይህ ንዝረት ድሮ እንደ ረብሻ ተቆጥሮ ይጣል ነበር። አሁን ግን በሁለት ጣቢያዎች የተመዘገበውን ረጅም ንዝረት አነጻጽረን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሞገድ እናወጣለን። መንቀጥቀጥ መጠበቅ አያስፈልግም። በየቀኑ ደግሞ ማውጣት ይቻላል። በመስከረም 2004 በካሊፎርኒያው የሳን አንድሪያስ ፎልት ላይ፣ ፓርክፊልድ አጠገብ፣ መጠኑ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ይህ ዘዴ ምን አሳየ? በፎልቱ አካባቢ የሞገድ ፍጥነት በድንገት በ0.08 በመቶ ገደማ ወረደ። ከአንድ ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በቀጣዮቹ ዓመታት ቀስ እያለ አገገመ። ፍሎራን ብሬንጊዬና ባልደረቦቹ በ2008 ያሳተሙት ውጤት ነው። የተከፈቱት ስንጥቆች ሲዘጉ፣ በጥልቀትም ፎልቱ ከመንቀጥቀጡ በኋላ በዝግታ መንሸራተቱን ሲቀጥል ነው ያየነው።

የሞገድ አቅም የሚያበቃበትም ቦታ አለ። መጋቢት 2011 ጃፓንን በመታው ታላቅ መንቀጥቀጥ ፎልቱ በባሕር ወለል ላይ ባለው ጥልቅ ቦይ አጠገብ 50 ሜትር ያህል ተንሸራቷል። ይህ ከሞገዱ፣ ከሱናሚውና ከባሕር ወለል ልኬት ተደምሮ የታወቀ ነው። በማግስቱ ዓመት ቺኪዩ የተባለችው የቁፋሮ መርከብ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚጠልቅ ውኃ ላይ ቆማ፣ ከባሕር ወለሉ ስር 800 ሜትር ያህል ወርዳ ፎልቱን አገኘችው። ውፍረቱ ከ5 ሜትር ያነሰ፣ ሸክላ የበዛበት ንጣፍ ነበር። ከሩቅ የሚመዘገብ የመንቀጥቀጥ ሞገድ ይህን ያህል ቀጭን ነገር አይለካም።

በመጨረሻም፣ በመንቀጥቀጥ ካርታ ላይ ነጥብ የሌለበትን ቦታ «ፎልት የለም» ብለው እንዳያነቡት። በ1857 መጠኑ 7.9 ገደማ በሆነ መንቀጥቀጥ የተሰበረው የሳን አንድሪያስ ክፍል ዛሬ ትናንሽ መንቀጥቀጥ እንኳ እምብዛም የለበትም። ፎልቱ ተቆልፏል፤ ተቆልፎ የቆመ ፎልት ደግሞ ሞገድ አያስነሳም። በሌላ በኩል ለሳምንታት በቀስታ የሚንሸራተቱ፣ ሲስሞሜትር (የንዝረት መዝጋቢው መሣሪያ) የማይሰማቸው ፎልቶችም አሉ። እነዚህን የምናገኛቸው በጂፒኤስና በሳተላይት ራዳር ነው። የ1857ቱ ክፍል በረጅም ዘመን አማካይ በዓመት 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚንሸራተት የታወቀው፣ ፎልቱ አጣምሞ የወሰዳቸውን የጅረት መውረጃዎች በመለካትና የደለሉን ዕድሜ በማስላት ነው። ጂፒኤስ ደግሞ በግራና በቀኙ ያለው መሬት ዛሬም ወደየአቅጣጫው እየሄደ፣ ጫናው በተቆለፈው ክፍል ላይ እየተጠራቀመ መሆኑን በየዓመቱ ያሳያል።